አጎቴ የሰጡኝ ደም

ያን ሰሞን ሥራዬ ደም መሰብሰብ ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ገና ሳይጠና በደም ውስጥ ከፍ የሚያደርገውን ፕሮቲን የምንፈልግ ጥቂት ባለሙያዎች ነበርን። በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች ደም ወስደናል፤ ለማነጻጸሪያ ደግሞ የጤነኛ ደም ያስፈልገን ነበር። ደሴ አጠገብ ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ከውጫሌ ከተማ እስከ አርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ያለው አካባቢ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሐይቅ ከተማ ላይ መጀመሪያ ክንዳቸውን የዘረጉልኝ አጎቴ ናቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በልጅነቴ እናቴ ስትሞት ዓሣ እያሰገሩ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቅኳቸው።

«ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?»

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር አጎት ይጠየቃል?» ብለው ሳቁ። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደሙን ቅጂ!»

ሲነሱ ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ መበሳቱን አየሁ። የረመዳን ጾም ያከሳቸው መሰለኝ።

ናሙናዎቹ በበረዶ ታሽገው አዲስ አበባ ገቡ። የፕሮቲኑ መጠን ተለክቶ ውጤቱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ የበሽተኞቹ ከላይ፣ የጤነኞቹ ከታች ተሰባሰበ። አንድ ጤነኛ የተባለ ሰው ብቻ ከላይ፣ ከበሽተኞቹ መሀል ነበር። የጥናቱ ኃላፊ «ናሙናው ተበላሽቶ ይሆናል፤ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። እንደዚያው ሆነ።

ናሙናው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። እንዲህ ያለ ሲያጋጥም ግን ሰውየው ተፈልጎ ይነገረዋል። ኃላፊዬ አጣርተው ተመለሱና ወንበር ስቤላቸው እንኳ አልተቀመጡም።

«አጎትሽ ናቸው» አሉኝ።

ሐይቅ ስደርስ አጎቴ ከውሃው ዳር መረብ ያራግፋሉ። ፕሮቲኑ ስለጨመረ ብቻ ካንሰር አለ እንደማይባል፣ እርግጡ የሚታወቀው አንጀት በካሜራ ሲታይ እንደሆነ ነገርኳቸው። መረቡን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ኪንታሮት ነው» አሉ።

«ምኑ ነው ኪንታሮት?»

«ደሙ» ብለው መረቡን መልሰው አነሱ። እስከዚያች ሰዓት ስለ ደም አንዲት ቃል አልተነፈሱም ነበር።

ደሴ ሄደን በካሜራ ከታዩ በኋላ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስጠሩን። አንጀታቸው ላይ እባጭ አግኝተው ቁራጭ ለምርመራ ወስደዋል፤ መልኩ ግን አላማራቸውም። «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ በሽታ የነበረበት ሰው አለ?» ሲሉ የለም ልል አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ቀደሙኝ።

«እህቴ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «የዚች እናት።»

«እናቴን የገደላት ጨጓራ ነው!» አልኩ።

«ጨጓራ ነው በሉ ያለችው ራሷ ናት። ደም ነበር፣ ልጄ። ለእኔ ብቻ ነግራኝ ለማንም እንዳታወጣ ብላ አስማለችኝ። ነውር መስሏት። እኔንም ሲጀምረኝ የእሷው መሆኑን ልቤ ነግሮኝ ነበር።»

ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚያዩት እኔን ነበር።

ምርመራው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። አጎቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ካንሰሩ ከአንጀታቸው አልፎ አልተሰራጨም፤ በጊዜው ተደርሶበታል። ዛሬ ወደ ውሃው አይወርዱም፤ ደጃፋቸው ተቀምጠው የሰው መረብ ይጠግናሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቀኛል። ምርቃቱን እየሰማሁ የማስበው እናቴን ነው፤ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ደም የነካ ልብሷን ስታጥብ።

በሽታው በዘር ሊወረስ ስለሚችል እኔም በካሜራ ታየሁ። ትንንሽ እባጮች ተገኝተው ወጡልኝ። ካንሰር አልነበሩም፤ ሐኪሙ ግን በየዓመቱ እንድመለስ አዘዙኝ። በመሀሉ ደሜን እዚያው ላብራቶሪያችን አስለካለሁ። ዘንድሮ ፕሮቲኑ ለጤነኛ ከተቀመጠው ወሰን በታች ነው። ከዓምናው ግን ከፍ ብሏል።

የካሜራው ቀጠሮ ከመውሊድ በኋላ ነው። አጎቴ አብሬሽ እሄዳለሁ ብለዋል።