ናምፑንዱ ዝም ያለችበት ምሳ

ናምፑንዱ ሰው አታምንም። ምዌሩ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስትገዛ ጉንጩን ፈልቅቃ ካላየች፣ አገላብጣ ካላሸተተች ንቅንቅ አትልም። ባሏን እንኳ ሊያገባት ሲመጣ፣ «እስቲ መዳፍህን አሳየኝ፣ መረብ የጎተተ እጅ ነው?» ብላዋለች ይባላል። አይ እሷ!

ናምፑንዱ፣ የመንታ እናት፣ የተባለችው መንታ ስለወለደች ነው፤ ካፔምብዋ ወንዱ፣ ቺሌሼ ሴቷ። ዘንድሮ አሥር ዓመት ሞላቸው። ታዲያ ትምህርት ቶሎ ለማይገባቸው ልጆች ልዩ ክፍል ሊከፈት ነው ተባለና፣ መምህር ካሎባ የሚባል ወጣት ልጆቹ ብቻቸውን ምን መሥራት እንደሚችሉ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቅ ጀመር።

«ካፔምብዋ ብቻውን ምግብ ያበስላል? ቤት ይጠርጋል?»

«ወንድ ልጅ ማማሰያ ይዞ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ቺሌሼስ?»

ጎረቤቶቿ ጆሯቸውን አቁመው ነበር። ማብሰል አትችልም የተባለችን ልጅ ማን ያገባታል? «ቺሌሼማ ሁሉን ትሠራለች» አለች ኮራ ብላ።

ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ። ካፔምብዋ ልዩ ክፍል ይግባ፣ ቺሌሼ ደህና ናት። ካፔምብዋ! ከሽቦ መኪና ሠርቶ መሪ የሚገጥምለት፣ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን በነገር የሚረታ ልጅ! ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። በልጄ ቦታ የአንዱን ሹም ልጅ ሊያስገቡ ነው እያለች ትምህርት ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ የተሰበሰቡት ለልዩ ክፍሉ የተመረጡ ልጆች ወንዶች ብቻ ናቸው።

«መምህር፣ ሴቶቹን የት አደረሳችኋቸው?»

«እማማ፣ ለሁሉም የጠየቅነው አንድ ዓይነት ነው።»

«አንድ ዓይነት ነው እንዴ? ወንዱን ያላስነካነውን ሥራ ጠይቃችሁ ጣላችሁት። ሴቷን ደግሞ...»

ከባሏ እንኳ የደበቀችው ነገር ነበራት። ቺሌሼ የምታበስለው እናቷ ከኋላዋ ቆማ «ውኃ አድርጊ፣ አሁን ዱቄት፣ አሁን አማስዪ» ስትላት ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ። ያ ክፍል የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር፤ እናትየው ግን በገዛ አፏ ዘጋችባት።

«ነገ ለምሳ ቤቴ ና» አለችው።

በማግስቱ ካሎባ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፣ ጎረቤትም ተሰበሰበ። ቺሌሼ ድስቱን ጣደች። ውኃው ፈላ። ማማሰያውን እንደያዘች ዞር ብላ፣ «እማ፣ አሁንስ?» አለች።

ናምፑንዱ የሽርጧን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ነክሳ ያዘች። ውኃው እየነጠፈ ሄደ።

«ዱቄቱን ጨምሪ እንጂ! ከዚያ ሳይጓጉል ቶሎ ቶሎ ማማሰል ነው» አለ ካፔምብዋ ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር።

ካሎባ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ልጅቷን አየ።

ቺሌሼ ከድስቱ ሳትርቅ እንባዋ መጣ። «እማ፣ ምን አጠፋሁ? ለምን አኮረፍሽኝ?»

«ይበቃል እማማ፣ ገብቶኛል» አለ ካሎባ ቀስ ብሎ። «ካፔምብዋ ይወጣል፣ ቺሌሼ ትገባለች። ሌሎቹንም ቤቶች እንደገና እዞራለሁ።»

«አላምንህም። አሁኑኑ ጻፍና ለጎረቤቶቼ አንብብ።»

ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበ። ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ናምፑንዱ ተነስታ እንደ ወትሮው ከልጇ ኋላ የቆመችው።

«ውኃ ጨምሪ፣ ልጄ» አለቻት።