ሁዳዴን የጾሙት ሀጂ

የታሰርኩት በቀልድ ነው። ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ የሚነዳ ሹፌር ሁሉ ይቀልዳል፤ እንደኔ የሚያስቅ ግን የለም፣ ተሳፋሪ ጠይቁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ባለሥልጣን የሆነ ነገር ጣል አደረግኩ፣ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። ቃሊቲ ስንደርስ "ወራጅ አለ" አለ። ወራጁ እኔ ሆንኩ።

የፖሊስ ጣቢያው ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የሽንት ባልዲ። ወለሉ ላይ እግር ማሳረፊያ የለም። "እዚህ ትርፍ መጫን አያስቀጣም እንዴ?" አልኩ። ሳቁ። ግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ና፣ ጋቢና ቦታ አለ" አሉኝ።

ሽማግሌው የስልጤ ሰው ናቸው፣ እዚሁ ቃሊቲ ሱቅ ነበራቸው። ሁላችንም ሀጂ እንላቸዋለን። "እኔ መካን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፣ ተዉኝ" ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። የገቡት ባለሱቆች ያደሙ ቀን እየዞሩ ሱቅ አዘግተዋል ተብለው ነው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከሀጂ በቀር ሁላችንም ጾመኞች ነን። በክፍሉ ደንብ ከየቤቱ የመጣ ምግብ አንድ ላይ ይቀርባል፣ ጠያቂ የሌለው እንዳይሸማቀቅ። የሀጂ ሚስት ግን የበግ ጥብስ ታመጣለች። እኛ በጾም አንነካውም። ጾም ባይሆንም ሙስሊም ያረደውን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ብቻቸውን በሉ። በማግስቱ ምግብ የሚቀበለውን ፖሊስ ጠርተው፣ ለሚስቴ ንገርልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሽሮና ምስር በዘይት ታምጣልኝ አሉት። ፖሊሱ ግራ ገብቶት አያቸው።

"ሁዳዴ ይዣለሁ በላት" አሉት።

ከዚያ ወዲያ በአንድ ሳህን በላን። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እሳቸውም አብረውን ይቆያሉ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን ተራ ስጠብቅ መኪናዬ ውስጥ ወንጌልን ብቻዬን አንብቤ ጨርሻለሁ፣ የሰፈሬን ሰባኪ አፋጥጬም አውቃለሁ። ጾም ምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ግን እዚያ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ከኔ ያንሳል። አንገቱ ላይ ማተብ፣ ማተቡ ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ገና እህል አልቀመሰም። አጠገቡ የቆመው ፖሊስ በእናቴ ሲሰድበኝ "ተው፣ በጾም አታሰማኝ" ብሎ ገሠጸው። ደስ አለኝ። ሰው እጅ ገባሁ ብዬ ነበር።

ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። የአድማው ቀን በሀጂ ሱቅ በር ነድቼ አልፌያለሁ። ሽማግሌው በየሱቁ እየዞሩ ዝጉ ሲሉ አይቻለሁ ብዬ ልመስክር። በቃ፣ ማታውኑ ልጆቼ ጋ እገባለሁ። ማለፉን አልፌያለሁ፣ ያየሁት ነገር ግን የለም አልኩት።

"አንተ ማተብ ያሰርክ ሰው ነህ። እሱ ምንህ ነው?"

"ማተብ ስላሰርኩ ነው እኮ ያላየሁትን አየሁ የማልለው።"

ፋሲካን ልጆችህ ያለ አባት ይውላሉ አለኝ። ይሄ አንጀቴ ድረስ ገባ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ቅቤውን ይተዉ፣ እኔ ውሸቱን ልተው። ሁዳዴው ለሁለታችንም ይበቃል።"

አልሳቀም። መስቀሉን በጣቱ እያሻሸ "እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እጄን አላነሳብህም" አለ። ከዚያ ያንን ፖሊስ በዓይኑ ጠቀሰው።

የቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ተሰበረ። ስመታ መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። እስካሁን የሚያበግነኝ ዱላው አይደለም፣ ዱላ ያልፋል። የሚያበግነኝ ያ ሰውዬ ያን ቀን ጾሜን ሳላጎድል ዋልኩ ብሎ ቤቱ መግባቱ ነው። ቅቤ የነካው ማንኪያ እንዳይነካው ዕቃ ይለያል፤ ሰው ሲያስደበድብ ደግሞ እጁን ይለያል። እግዚአብሔርን የሚያየው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ፊቱ ሲደርስ ቀበቶ ያስራል፣ ካለፈው በኋላ ይፈታል።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሳህኑ እንደተከደነ ነው፣ ሀጂ ክዳኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጠብቁኛል። ሌሎቹ ምን ጠየቁህ፣ ምን አልክ እያሉ ከበቡኝ። ሀጂ አፌን አዩ፣ ሸሚዜ ላይ ያለውን ደም አዩ፣ በማን ላይ መስክር እንደተባልኩ የገባቸው ይመስለኛል። ሽሮውን ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

"በየት በኩል ታኝካለህ?"

"በግራ።"

በግራ በኩል አጎረሱኝ።

ሌላ ምስክር ተገኘ። ምስክር አይጠፋም። ሀጂን ወደ ቂሊንጦ ወሰዷቸው። እኔ ፋሲካን እዚያው ውዬ ተለቀቅኩ፤ ለምን እንደያዙኝ እንጂ ለምን እንደለቀቁኝ አልነገሩኝም።

መርማሪውን አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ። ነጠላውን አጣፍቶ በሩን ይሳለማል፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንዴ ዓይናችን ተጋጨና "እንኳን አደረሰህ" አለኝ። አልመለስኩለትም። ይቅር ማለት እንዳለብኝ አንብቤያለሁ። ገና እዚያ ገጽ ላይ ነኝ።

ሀጂ አሁንም ቂሊንጦ ናቸው፣ እኔም ምግብ ይዤ እሄዳለሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀኖች፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፣ ሚስቴን ሽሮ በዘይት አሠራታለሁ። መጀመሪያ "በሃምሳ ሽሮ? ሰው ምን ይለናል?" ብላኝ ነበር። ነገሩን ካጫወትኳት ወዲህ ራሷ ታስታውሰኛለች።

ምግብ ያመጣ ሰው በሩ ላይ ፈታሹ ፊት መቅመስ አለበት፣ መርዝ ቢኖረው ብለው ነው። ሌላው ጫፉን ነክቶ ያልፋል። እኔ ትልቅ ጉርሻ እጠቀልላለሁ።

"ቅመስ እንጂ ብላ አልኩህ?" ይለኛል ፈታሹ።

"ተወኝ ወንድሜ፣ ከሰው ጋር እየበላሁ ነው" እለዋለሁ፣ በግራ በኩል እያኘክሁ።