ናቲ የሠራው ማሽን ለምን ጋለ

የወንድሜ የናቲ የጌም ማሽን ዛሬ እየተጫወትኩበት ግሎ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ናቲ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ማሽኑን በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጎ፣ ቱቦውን ሳይቀር በእጁ ቆርጦ፣ ፌርፋክስ ከተማ ባለችው ሱቃችን ጓዳ ውስጥ የሠራው እሱ ነው።

ፋኑን ቼክ አደረግኩ፣ ይሠራል። ፓምፑም ይሠራል። ሶ ከፈትኩት። ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ዝቃጭ ሞልቶ ውሃው አላልፍ ብሏል። እዚያ የሚገባው ዲስቲልድ የሚሉት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ናቲ ሌላ ነገር አስነክቶት አያውቅም።

"እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ውሃ ጨምረሽበታል እንዴ?"

"ውሃ አይደለም፣ ጸበል ነው" አለችኝ፣ ከምትመዝነው በርበሬ ቀና ሳትል። "ጎድሎ አየሁት። ስነካው ደግሞ ይግላል። ልጄም እንዲህ ነበር የሚግለው።"

ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ስለ ፓምፕ ያወራሉ። ስለ ጸበል ያነሳ የለም።

ጸበል ሲንክ ውስጥ አይደፋ ነገር። ቀድቼ ከሱቁ ጀርባ፣ እግር የማይረግጠው ጤና አዳም ሥር አፈሰስኩት። ቱቦውን አጥቤ፣ የተጣራ ውሃ ሞልቼ አበራሁት። የደፈነው ጸበሉ መሆኑን አልነገርኳትም።

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና የታማሚ ግንባር እንደሚነካ ሰው መዳፏን ማሽኑ ላይ አሳረፈች።

"ተሻለው?"

"አዎ እማዬ፣ በረደለት።"

እናንተ ቤትስ፣ የሄደ ሰው ዕቃ ማን ነው የሚያስታምመው? ጻፉልኝ፣ ዛሬ ማንበብ እፈልጋለሁ።