ቢላ ያልነካው አሳ

በጉራጌ አገር በዶሮ ላባ አሳ የሚይዝ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ከእኔ በኋላ ይኖር እንደሆነ አላውቅም። በትል የሚያጠምዱ ሞልተዋል፤ ትል ግን ለአሳ ምሳ ማቅረብ ነው፣ ማንም ያደርገዋል። እኔ የማጠምደው በውሸት ዝንብ ነው። ዝንቡን የምሠራው፣ መንጠቆውን የማጎብጠው፣ ክሩን የምገምደው እኔው ራሴ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ወልቂጤ ውስጥ በእኔ መኪና ሱሪ ያላሳጠረ የመንግሥት ሠራተኛ ቢፈለግ አይገኝም። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ስልኬን ስነካካ፣ ወገቡ ድረስ ወንዝ ውስጥ የቆመ አንድ ፈረንጅ ረጅም ክር ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያወናጭፍ አየሁ። ክሩ ጫፍ ላይ ከላባ የተሠራች ዝንብ አለች። አሳው እውነተኛ መስላው ዘሎ ጎረሳት። ፈረንጁ የሚለፈልፈውን አልሰማሁም፤ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። ሰውን በሩቁ አይቶ የወገቡን ልክ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ ምን ያደርግለታል?

ብዙም ሳልቆይ ዕቃዬን አሟላሁ። ወፍራም የስፌት መርፌ በከሰል አግዬ አጎበጥኩና መንጠቆ አደረግኩት። ለዘንግ አገና ገበያ ወጥቼ ቀጭንና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቀርከሃ መረጥኩ። ክሩን ከእንሰት ቃጫ ገመድኩት፤ ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ሰም አሸሁት፤ ጫፉ ላይ ብቻ ናይለን ቀጠልኩበት። የቀረኝ ላባ ነበር። ላባ ደግሞ የባለቤቴ አውራ ዶሮ አንገት ላይ ሞልቷል።

«ዶሮዬን ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ ባለቤቴ በማግስቱ።

«ምን ሆነ?»

«አንገቱ ተላጭቷላ!»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱስ ያንተን ጭንቅላት ነው የመታው። ሴቶቹ ዶሮዎች እንኳ አላወቅንህም ብለውታል።»

ሰው ሁሉ እንዲህ ይስቅብኝ ነበር። ክትፎ ባለበት አገር ሽማግሌ አሳ ፍለጋ ሲዞር ማን አይስቅ? እኔ ግን ከመስቀል ወዲህ ያሰብኩት ነገር ነበረኝ።

ቡታጅራ አንድ ወዳጅ አለኝ። በርበሬ ነጋዴ ነው። ሀጂ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «አንተ ሰፊ» ይለኛል። የሁለታችንም ጠጉር ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እንጠያየቃለን። በአረፋ እሱ ቤት ስሄድ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ለእኔ የተለየ በግ ያሳርዳል፤ በሌላ ድስት ያሠራል፤ እኔም ለብቻዬ እንደ ንጉሥ ተቀምጬ እበላለሁ። በመስቀል እሱ እኔ ቤት ሲመጣ ክትፎው በፊቱ አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ለእሱ ቆጮ በአይብና በጎመን ይቀርብለታል። በዚህ ማናችንም ቅር ብሎን አያውቅም። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።

ባለፈው መስቀል ግን ሀጂ ከሕመም ተነስቶ ነው የመጣው። ኮቱ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ቆጮውን እየቆረሰ ክትፎዬን አየት አደረገና፣ «አንተ ሰፊ፣ ሥጋ ከአንድ ሳህን ሳንበላ ልንሞት ነው?» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። እኔ ሳቁን አልወደድኩትም።

መልሱን ያገኘሁት ከዝንቤ ነው። አሳ አይታረድም! የእሱም ሃይማኖት እረደው አይለውም፣ የእኔም አይለኝም። የማንም ቢላ ስለማይነካው የሁለታችንም ነው። የሆቴል አሳ ግን ለሀጂ አይሆንም፤ ያ መጥበሻ ጠዋት ምን ሲጠብስ እንዳረፈደ ማን ያውቃል? ስለዚህ አዲስ መጥበሻ ገዛሁና ደወልኩለት።

«አሰላሙ አለይኩም ሀጂ! ከአንድ ሳህን ልንበላ ነው። አሳ አይታረድምና አሳ አጠምድልሃለሁ።»

«ወአለይኩም ሰላም። በምን?»

«በላባ።»

«አሳው ትራስ ሊሠራበት ነው?»

ያም ሆኖ መጣ። ከወልቂጤ መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ ወደ ዋቤ ወንዝ በእግር ወረድን። ቁልቁለቱ ለፍየልም ይከብዳል። ሀጂ በየጥላው እየተቀመጠ ነው የወረደው፤ እኔ መጥበሻውን፣ ቆጮውን፣ ዘንጉንና ድንኳኑን ተሸክሜ አንድም ቦታ አላረፍኩም። ድንኳን ያልኩት ከሸራ ቁርጥራጭ ገጥሜ የሰፋሁትን ነው። ፈረንጅ ቢያየው ልኩን ይወስድ ነበር። ወንዙ ዳር ተከልኩት። ከጦጣና ከወፍ በቀር ማንም የለም።

«ጉማሬ አለ ይላሉ» አለ ሀጂ ዙሪያውን እየቃኘ።

«ቢኖርስ? ሣር በሊታ ነው።»

«ሣር በሊታ ከሆነ ያን ሁሉ ጥርስ ምን አደረገለት?»

ወደ ሥራዬ ገባሁ። የመጀመሪያው ውርወራዬ ግራር ላይ ቀረ። ሁለተኛው ከኋላዬ የሀጂን ቆብ ከራሱ ላይ አነሳና መሐል ወንዝ ላይ አሳረፈው። ቆቡን በዚያው መንጠቆ ሳብኩና አወጣሁት። ይሄ እንደ ስህተት ሊቆጠር አይገባም፤ በላባ ቆብ ማጥመድ ቀላል ነገር አይደለም።

«ይሄን ነው የምንበላው?» አለ ሀጂ ቆቡን እየጨመቀ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ዝንቤን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ጣልኳት። እንደ ልብስ ቁልፍ ቀስ ብላ አረፈች። ውኃው ፈነዳ። ቀርከሃው እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ቃጫው ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ሀጂ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ አሳው ወደ ፊት ይጎትተኛል። በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ አወጣነው። ክንዴን ያክላል፤ ከንፈሩ ወፍራም፣ ሆዱ ወርቅ የመሰለ። ሀጂ «ማሻአላህ» ብሎ ዝም አለ። እሱን ዝም ያሰኘሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ልማድ ሆነብኝና ቢላዬን መዘዝኩ።

«ቆይ!» አለ ሀጂ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«አንገቱን ልቆርጠዋ።»

«አንተ ከቆረጥከውማ ያንተ ሥጋ ሆነ!»

«አሳ እኮ ነው ሀጂ። አይታረድም ተባብለን የለ?»

«አይታረድም ካልክ ለምን ታርደዋለህ?»

ልክ ነው። ቢላውን በመያዣው በኩል ዘረጋሁለት። «እንግዲያው አንተ ቁረጠው።»

ቢላውን ሊቀበለኝ እጁን ሰደደ፤ መለሰው። «እኔ ቢስሚላህ ብዬ ብቆርጠው አንተ ትበላለህ?»

ሳስበው እኔም ቅር አለኝ። አሳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጉሮሮዬ አያውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ሆኖ የኖረ ጉሮሮ ነው።

«በድንጋይ ልምታው» አልኩ።

«ስትመታው ምን ትላለህ?»

«ምንም አልልም።»

«እጅህ አሁን ሊያማትብ ተነስቷል፤ አየሁት!»

እውነትም ቀኝ እጄ ግንባሬ አጠገብ ደርሷል።

«ይሙት» አለ ሀጂ። «በራሱ ጊዜ ይሙት። ያን ጊዜ የማንም አይሆንም።»

በዚህ ተስማማን። መንጠቆውን ነቀልኩለት፤ ቆጮውን በጠቀለልኩበት የእንሰት ቅጠል ሸፈንነውና ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሚሞት ነገር ላይ ማፍጠጥ ደግ ስላልመሰለን ፊታችንን አዞርን። ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ወገብ ሕመም ተጨዋወትን። አሳው ቅጠሉ ሥር አንድ ሁለቴ ተንፈራገጠ።

«ሊሞት ነው» አልኩ።

«አላህ ያግራለት» አለ ሀጂ።

ከኋላችን ጧ የሚል ነገር ሰማን። ስንዞር ቅጠሉ ብቻውን ወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ጊቤ እየሄደ ነበር።

ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ ተናገርን።

«ቅጠሉን መያዝ ያንተ ሥራ ነበር!»

«አጥማጁ ማነው? እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«በድንጋይ ብመታው ኖሮ...»

«በድንጋይ! ሰፊ ነህ ወይስ ወጋሪ?»

ሀጂ እየተነጫነጨ ዉዱእ ሊያደርግ ወደ ውኃው ወረደ። ሲሰግድ ጀርባውን አየሁት። ከኮቱ ሥር የትከሻው አጥንት ይታያል። ለሚመጣው መስቀል ይህን ቁልቁለት የሚወርድ አልመሰለኝም። ንዴቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ዘንጌን አነሳሁና ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ እንደ ፈረንጁ እስከ ወገቤ። ጉማሬውም ረሳኝ፣ እኔም ረሳሁት። ወረወርኩ። አሁንም ወረወርኩ። ክንዴ ዛለ። ላባው ረግፎ ዝንቧ የባለቤቴን ዶሮ መስላለች።

በመጨረሻ አንድ ያዝኩ። የመዳፌን ርዝመት አያክልም። የመጀመሪያው አሳ ቢያየው የልጅ ልጄ ነው ይል ነበር።

«ዱዓዬ ነው ያመጣው» አለ ሀጂ ከዳር።

«ዱዓህ ላባ ያስራል?»

አሁን ግን ብልሃቱ ገብቶናል። አሳውን አዲሱ መጥበሻ ውስጥ ጨመርነው፣ ክዳኑን ደፋንበት፣ እኔ ድንጋይ ጫንኩበት፣ ሀጂ ድንጋዩ ላይ እጁን ጫነበት። ማናችንም ስለ በርበሬ አላወራንም። ኳኳታው እስኪያበቃ ጠበቅን፤ ካበቃም በኋላ፣ ተንኮለኛ ሊሆን ይችላል ብለን ጥቂት ቆየን። ስንከፍተው ሞቷል። ማንም አልገደለውም።

እኔ የሆድ ዕቃውን በጣቴ አጸዳሁ፣ እሱ ከኪሱ የራሱን በርበሬ አውጥቶ ነሰነሰበት። ጠበስነው። በአንድ ሳህን፣ ከቆጮው ጋር፣ መሐላችን አስቀመጥነው። ሳህኑ ላይ የአሳው ትንሽነት ይበልጥ ታየ። ሀጂ እጁን ዘረጋ፣ እኔም ዘረጋሁ፣ ጣቶቻችን ተነካኩ። ከሆዱ በኩል፣ እሾህ የሌለውን ለይቼ በቆጮ ጠቀለልኩና፣ «በሞቴ» አልኩት።

ጎረሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አኘከ። እኔን ጭንቅ ያዘኝ።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አሳ አልወድም፤ ወድጄም አላውቅም። ሥጋ ስንል ያደግን ሰዎች ነን። ሀጂ ግን አጉርሶኝ ስንጨርስ ጭንቅላቱን መጠጠው፣ ጅራቱን ቆረጠመው፣ ሳህኑን በቆጮ ጠረገው። እሱ እሾሃማውን ወደ እኔ እየገፋ፣ ሥጋማውን እኔ ወደ እሱ እየገፋሁ፣ አንድም አላስቀረንም። ከዚያ ጣቱን እየላሰ አየኝ።

«ምን ቁጭ ትላለህ አንተ ሰፊ? ዝንብህን ጣል እንጂ።»