ኖልፋ ጀልባ ላይ

በመንደራችን በሎስ ኪኬስ የባሕሩ ብርድ በበጋም አጥንት ይሰብራል። ኖልፋ ውሃ ትፈራለች። የጠላቂ ልጅ፣ የጠላቂ እህት፣ ኋላም የጠላቂ ሚስት ሆና እግሯን እንኳ አታረጥብም ነበር። ባሏ ኤላዲዮ ሊወጣ ሲነሳ የላስቲክ ልብሱን በሳሙና ውሃ አሟልጫ ታለብሰውና፣ "ቶሎ ና፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል" ብላ በሩን ትዘጋለች። ሲሄድ አታይም።

የምንወርደው አራት ሆነን ነበር፤ ኤላዲዮ ከኖልፋ ወንድም ከሬሚሂዮ ጋር፣ እኔ ከጎረቤቴ ከቲቶ ጋር። ትንፋሻችንን ውጠን በጦር ዓሣ እንወጋለን። አንዱ ሲጠልቅ ጓዱ ከላይ ሆኖ ዓይኑን አይነቅልም።

የዚያን ዕለት ኤላዲዮ አንድ ትልቅ ዓሣ ወጋ። ዓሣው ከነጦሩ ድንጋይ ሥር ገባበት። ኤላዲዮ ብቅ ብሎ ተነፈሰ።

"ተወው፣ ትንሽ እረፍ" አለው ሬሚሂዮ።

"ሽማግሌው አንተ ነህ፣ አንተ እረፍ!" ብሎ ሳቀበትና ወዲያው ተመልሶ ጠለቀ።

ሬሚሂዮ የራሱን ዓሣ፣ የያዝነውን ከምናንጠለጥልበት ተንሳፋፊ ኳስ ጋር ማሰር ጀመረ። ጣቶቹ ደንዝዘው ገመዱ አልታዘዝ አለው። ቀና ሲል ማንም የለም። እኔና ቲቶ የሬሚሂዮን ጩኸት ሰምተን ስንደርስ፣ ኤላዲዮን አቅፎ ከረጃጅሙ የባሕር አረም መሃል ወጣ። የኤላዲዮ ከንፈር ጠቁሯል። ጀልባው ላይ ጎትተን አፉ ውስጥ ተነፈስንለት፤ እየተፈራረቅን ደረቱን ተጫንን፤ የብስ እስክንደርስ አላቆምንም። አልተመለሰም።

ለኖልፋ የነገራት ሬሚሂዮ ራሱ ነው፣ ልብሱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ።

"ሲጠልቅ አየኸው?" አለችው።

"አየሁት።"

"ሳይወጣ ሲቀርስ?"

የመጥለቂያ መነጽሩን በእጁ አገላበጠ።

"ሬሚ፣ ዓይንህ የት ነበር?"

"ዓሣ እያሰርኩ ነበር፣ እህቴ።"

አልጮኸችም። ምድጃውን አጠፋችና፣ "ወለሌ ላይ አታንጠባጥብ" አለችው።

ክረምቱን ሙሉ ማንም ባሕር አልወረደም። ቲቶ እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠረ። እኔና ሬሚሂዮ ግን ሌላ ሙያ የለንም። በጋ ሲገባ ጀልባዋን ስንገፋ ኖልፋ በኤላዲዮ ካፖርት ተጠቅልላ መጣች።

"ምን ልትሠሪ?" አልኳት።

"ልጠብቃችሁ።"

"አንቺ? ውሃ እያየሽ የምትንቀጠቀጪው?"

"ከውሃው ይልቅ እናንተን እፈራለሁ። እናንተ የሚታያችሁ ዓሣ ብቻ ነው። በል ግፋ፣ አትለፍልፍ!"

ያን ቀን ስታስመልስ ዋለች፤ ዓይኗን ግን ከእኛ ላይ አላነሳችም። የዘገየ ካለ የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ ትደበድባለች፤ ድምፁ ታች ድረስ ይሰማል። እንዲህ ዓመታት አለፉ። ከወንድሟ ጋር ያላት ንግግር "ውጣ" እና "እረፍ" ብቻ ነበር። ለገና ሾርባ ትልክለታለች፣ በእኔ እጅ። አንድ ቀን ብቻዋን ሲያገኛት "ይቅር በይኝ" ሊላት ሞከረ፤ መቅዘፊያውን አንስታ ሄደች።

በኋላ የሬሚሂዮ ጆሮ መድማት ጀመረ። መጥለቁን ትቶ ከተማ ልጁ ጋ ገባ። አውቶቡስ ሲሳፈር ኖልፋ ልትሸኘው አልመጣችም።

አሁን የቀረነው ሁለታችን ነን። የውሃው ነጸብራቅ ዓይኗ ላይ ሞራ አምጥቶባታል፤ እሷ ግን አታምንም። ባለፈው ሳምንት ብቅ ስል፣ እኔ በሌለሁበት አቅጣጫ አፍጥጣ መቅዘፊያዋን አንስታለች።

"እዚህ ነኝ!" አልኳት።

"መች ጠፋኸኝ!" አለች ተቆጥታ።

ከዚያ ወዲህ ግን እግሬ መሬት ከሚነካበት አላልፍም፤ የማገኘውም ትናንሹን ዓሣ ብቻ ነው።