አልዘጋውም ያልኩት ገጽ

አባቴ ፎቶ አይወድም ነበር። ካሜራ ካየ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ «ተዉኝ አቦ!» ይላል። ስለዚህ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ እኔ እጅ የገባችው ምስሉ አንዲት ብቻ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። እሷም ብትሆን ወረቀት ላይ አይደለችም። አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ፣ አልከፈትም ካለ ቪዲዮ ሥር ተቀምጣለች።

ያኔ ጅዳ ነበርኩ፤ ኦብሑር፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ። ላፕቶፑን የሰጠችኝ መዳሜ ናት። አዲስ ስትገዛ «ያላ፣ ውሰጅው» ብላ አልጋዬ ላይ ጣለችልኝ። ቋንቋው ሁሉ ዐረብኛ ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ቁርኣን የቀራሁ ነኝ፤ ፊደሉን አነባለሁ፣ የላፕቶፑ ወሬ ግን ግማሹ አይገባኝም። የሚያወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ድምፄን እየሳብኩ፣ በተጅዊድ፣ ቁርኣን በሚቀራበት ዜማ ነበር የማነበው። አንድ ቀን መዳም ከሳሎን ሆና ዜማውን ሰምታ «ማሻአላህ» አለችኝ። ባትሪው ሊያልቅ ነው የሚለውን ነበር የምቀራው።

ስለ አባቴ ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ፣ እኛ ቀዬ፣ ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲጠፋ፣ ልጅ መንገድ ሲወጣ ወደ አባቴ ይመጣል። እሱ እጁን ዘርግቶ ዱአ ያደርጋል፣ ሰዉ አሚን ይላል፣ ከዚያ ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ አሳርፎ ይነሳል። ያለሱ ዱአ ከመንደራችን የወጣ መንገደኛ የለም። ከኔ በቀር! ዐረብ አገር እሄዳለሁ ስለው አኮረፈ። የሄድኩ ዕለት ከሱብሂ ሶላት በኋላ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ማሳው ወጣ። ሻንጣዬን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምኩ፤ ይመለሳል ብዬ ነዋ። መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፤ እሱ አልመጣም። ለአገር ምድሩ የሚመርቅ ሰው ለገዛ ልጁ ነፈጋት። ይህ ነገር እንደ ድንጋይ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ቀይ ባሕርን አብሮኝ ተሻገረ።

መሞቱን ያረዳኝ ወንድሜ ነው፤ በስልክ። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ መርቆሻል» አለኝ። ከመሞቱ በፊት ሰው ሰብስቦ ባደረገው ዱአ ላይ ስሜን ጠርቶ መርቆኛል። ጎረቤታችን በስልኩ ቀርጾት፣ የአገራችን ልጆች ከከፈቱት ድረ ገጽ ላይ ተጭኗል። «እይው፣ በጆሮሽ ስሚው» አለኝ።

ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ። ላማችን የሞተች ጊዜ «ደህና ናት፣ ጋደም ብላለች» ያለኝ እሱ ነው! ሰው እንዳያዝን ሲል ውሸትን እንደ ስኳር ይበትነዋል። አባቴ ታርቆኝ ሞቶ ከሆነ፣ በገዛ ጆሮዬ መስማት ነበረብኝ።

ገጹን ያገኘችልኝ ከአጥሩ ማዶ ባለው ቪላ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። መዳሞቻችን ከምሳ በኋላ ሲተኙ መጣች። ያ ሰዓት ኦብሑር ውስጥ ራሱ ሕልም ነው፤ ባሕሩ ጭጭ ይላል፣ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ወንዝ ይመስላል። ጓደኛዬ እየነካካች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስትገባ ስትወጣ ቆየችና «ይኸው!» አለች። ጥቁር ሳጥን ነው። ከሥሩ ትንሽዬ ፎቶ አለች፤ አባቴ፣ ነጭ ኮፍያው፣ ግማሽ ፊቱ።

ሳጥኑን ስትጫነው እንቢ አለ። ቪዲዮውን ለማየት ፕለጊን ያስፈልጋል ይላል፤ ኢንተርኔቱ የሚከፈትበት ብሮውዘር ላይ የምትጨመር ትንሽ ፕሮግራም ናት። አወረድናት። መጫን ጀመረች፤ አረንጓዴው መስመር እየተሳበ፣ እየተሳበ ሄዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ አለ። አንድ ጽሑፍም ወጣ። በተጅዊድ ቀራሁት።

«ብሮውዘሩን ዝጊው ነው የሚልሽ» አለች ጓደኛዬ፤ ከኔ ቀድማ የመጣች ስለሆነች ዐረብኛው ይገባታል። «እሱ ካልተዘጋ መጫኑ አይጨረስም።»

«እሱን ብዘጋው ይቺ ፎቶስ?»

«ትጠፋለቻ። እንደገና እንፈልጋታለን።»

«ብናጣትስ? አንች ራስሽ በየት በየት እንደገባሽ ታውቂያለሽ?»

በየት እንደገባች አታውቅም ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አልዘጋውም» አልኩ። እንዴት ብዬ ልዝጋው? አንዴ ሳይሰናበተኝ ሄዷል፤ አሁን ደግሞ እኔው በገዛ ጣቴ ላስወጣው? «እንደገና ሞክር» የሚለውን ተጫንኩ። መስመሩ ተሳበ፣ ቆመ፣ ዝጊ አለኝ። እንደገና ተጫንኩ። ዝጊ አለኝ። ወይ ጉድ! እሱም ግትር፣ እኔም የአባቴ ልጅ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ፣ ክዳኑ ሳይከደን አልጋዬ አጠገብ ይቀመጣል። ልብስ ስተኩስ፣ ሻይ ሳፈላ ብቅ እያልኩ አየዋለሁ። ብርሃኑ ሲደበዝዝ በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ፤ አባቴ ብቅ ይላል። ስተኛ ደግሞ በሕልሜ ይመጣል። ከመስታወት ኋላ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። «አባ፣ ጮክ በል!» እለዋለሁ። እሱም የሚለውን ብሎ ይጨርስና ወደ ማሳው ይሄዳል። ስነቃ ባሕሩ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ትራሴ እርጥብ ነው።

አንድ ዓርብ መዳምና ባሏ ለዑምራ ወደ መካ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ወጡ። እነሱ ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ውለው እስኪመለሱ ዘመዶቼ ቤት ልቆይ ነው። ዘመዶቼ የእናቴ ወገኖች ናቸው፤ አያታቸው ድሮ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀርተዋል። ላፕቶፑን ይዤ ስወጣ መዳም አየችኝ። ክዳኑ ከተገጠመ ይጠፋል ብዬ መሐሉ ላይ ሻሽ አጣጥፌ አስገብቼበት፣ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ። «መጅኑና!» አለች፤ አበድሽ እንዴ ማለቷ ነው። ይሁና። እብድ ብሆን ምን ቸገራት?

መንገዱ ነጭ ነበር። ሙቀቱ አስፋልቱ ላይ ውኃ ይሠራል፤ ስንደርስበት ይሸሻል። የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ይመልሰኛል። ሹመይሲ እስር ቤት ጋ ስንደርስ ግን ዓይኔ ራሱ ተከፈተ። ከዚያ ግንብ ኋላ ስንቱ ያገሬ ልጅ ታጉሮ ወደ አገር የሚመለስበትን ቀን እንደሚጠብቅ ስለማውቅ፣ ኢቃማዬን፣ ያቺን የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በእጄ ጨበጥኳት። በሻሹ ቀዳዳ አጮለቅኩ። አባቴ አለ።

መካ በሩን የከፈተችልኝ የቤቱ ልጅ ናት፤ እኩያዬ ትሆናለች፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች። አማርኛዋ ገና ከመጀመሩ ዐረብኛ ይሆናል። ነገሩን ስነግራት ሳቀች፤ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ገጹ እኮ እዚህ አይኖርም፣ እዚያ ነው የሚኖረው» አለችኝ በጣቷ ወደ ጣሪያው እያሳየች። «ቦታውን ምልክት አደርግልሻለሁ፣ ከዚያ ትዘጊዋለሽ።» ላይኛው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ተጫነች። ኮከቧ ቀለም ሞላች። «ያላ፣ ዝጊው።»

«አንች ዝጊው።»

«ላ፣ አይሆንም። አንች።»

እናትየው ከጓዳ ወጥተው ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት። አባቴ ጠፋ። ባዶው ስክሪን ላይ የራሴን ፊት አየሁ፤ እንዴት አስቀያሚ ሆኜ ነበር!

አረንጓዴው መስመር ያቺን እንቢ ያለችውን ጥቂት ቦታ እንደ ቀልድ አለፋት። ላፕቶፑ ጠፍቶ በራ። ልጅቷ ኮከቧን ስትከፍት ገጹ ተመለሰ፣ ፎቶዋም ተመለሰች፣ ጥቁሩ ሳጥን ላይ ቀስት መሰል ምልክት በቀለ። ነካችው። ሰዎች ተንቀሳቀሱ፤ ድምፅ ግን የለም። «ያረብ፣ እንደ ሕልሜ ልታደርገው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ተዘግቶ የነበረው ድምፅ ተከፈተ። መጀመሪያ የሰማሁት ዶሮ ነው። የኛ ቀዬ ዶሮ፣ መካ መሐል።

ከዚያ እሱ። ከስቷል፣ ድምፁ ተሰባብሯል፣ ግን እሱ ነው። እጁን ዘረጋ፤ እኛም ሦስታችን ዘረጋን። ለታመመ፣ ለዝናብ፣ ለሙታን ዱአ አደረገ። አሚን፣ አሚን አልን። ከዚያ «ባሕር ማዶ ያለችው ልጄ» አለና ስሜን ጠራ። ወላሂ ስሜን ጠራ! «አኩርፌ ነው የሸኘኋት። ልጄ አላጠፋችም። ያረብ…»

ቆመ። ቪዲዮው መሐል ትንሽ ክብ ትዞር ጀመር።

«ኔቱ ነው፣ ይመጣል» አለች ልጅቷ። ዱአ በመሐል አይተውም፤ እጃችንን እንደዘረጋን ቀረን። ክቧ ትዞራለች። ክንዴ ዛለ። ውጭ ከአንዱ ሚናራ ወደ ሌላው የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተቀባበለ፣ እሱም አለቀ፤ ሦስት ሴቶች መዳፋችንን ለላፕቶፕ ከፍተን ተቀምጠናል። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው በሹክሹክታ «አምጣው፣ አምጣው» ይላሉ። ያረብ የሚለውን ምን ብሎ ይጨርሰዋል? እጄን ባወርድ የሚቀርብኝ መስሎኝ፣ የዛለውን ክንዴን በጉልበቴ ደገፍኩት።

«…የኔን ኩርፊያ አትያዝባት» አለ አባቴ። «መንገዷን አብራላት። እጇን ያዝልኝ። አሚን በሉ።»

ሰዉ አሚን አለ።

«እሷም ባለችበት አሚን ትበል» አለ። ፎቶ የማይወደው ሰው ቀና ብሎ ካሜራውን አየ። እጁ በአየር ላይ እንዳለ ዝም አለ። ደግሞ ተያዘ ብዬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«አልቆመም» አለችኝ፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። «ዶሮዋን እያት፣ ትሄዳለች። አንችን እየጠበቀ ነው።»

አሚን አልኩ። መዳፉን ወደ ፊቱ የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።