ከሦስተኛው ፊልም በኋላ

ያቺ የጥንት የሆሊውድ ተዋናይት በሦስት የሙዚቃ ፊልሞች ከገነነች በኋላ ለምን መዝፈን አቆመች? ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ የመመረቂያ ጥናቴም ስለ እሷ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ የሚንከባከቧቸው የዘጠና ስምንት ዓመት አሮጊት ያቺው ተዋናይት መሆናቸውን የሰማሁት ባለፈው ወር ነው። እሁድ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሦስታችን ምሳ ላይ ተገናኘን።

ልጠይቅ አፌን ስከፍት እትዬ ጽጌ አጎረሱኝ። «መጀመሪያ ብዪ! ከስተሻል እኮ!»

አላምጬ ዋጥኩና እንደገና አፌን ከፈትኩ። አሁን ደግሞ አሮጊቷ፣ ለካ ልማዱን ተምረውታል፣ በእጃቸው ሽሮ አጎረሱኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው።

«እትዬ፣ በማርያም፣ ጥያቄ አለኝ!»

«ታዲያ? ጥያቄ አይቀዘቅዝም፤ የሚቀዘቅዘው ጥብሱ ነው!»

ከአምስተኛው ጉርሻ በኋላ ንዴቴ ዓይን አፋርነቴን አሸነፈው። አፌን በመዳፌ ከልዬ «ለምን መዝፈን አቆሙ?» ብዬ አሮጊቷ ላይ በእንግሊዝኛ ጮኽኩ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አሮጊቷ ጣታቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «መች ዘፍኜ አውቃለሁ? እኔ ከንፈሬን ነበር የማንቀሳቅሰው። ድምፁ የሌላ ልጅ ነው፤ ስሟን ፊልሙ ላይ አልጻፉላትም። እሷ አግብታ ስትሄድ የእኔም ዘፈን አለቀ።»

የአራት ዓመት ማስታወሻዬን ዘጋሁና ያቺን ልጅ ለመፈለግ ወሰንኩ።